የእፀገነት ትልቁ ማሰሮ

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እፀገነትን ማየት ያስጠላኝ ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ክፉ ብትሆን ኖሮማ እሰይ ነበር። ክፉ ጎረቤት ትታማለች፣ ትረገማለች፣ ሆድም ይቀለዋል። እሷ ግን ለሐሜት እንኳ የማትመች ናት። ውሃ ሲመጣ የእኔን ጀሪካን ከራሷ አስቀድማ ትሞላለች። ራሴን ያመመኝ ቀን ግቢውን ብቻዋን ጠርጋ ትገባለች። እንዲህ ያለችውን ሴት ምን ብዬ ልጥላት? ያጣላን ዳቦዋ ነው። እሷ መጣላታችንን አታውቅም፤ የተጣላሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሀስና እባላለሁ። ቤታችን ኮቦ ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። ድፎ ዳቦ ከተባለ ሀስና ነው፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ተብዬ ነው የኖርኩት። ሰርግ ሲሆን ይጠሩኛል፣ መውሊድ ሲሆን ይጠሩኛል፣ ሰደቃ ሲሆን ይጠሩኛል። ክርስቲያኖቹም ለዓመት በዓል «ሀስና ትድፋልን» ይላሉ። ዳቦዬ ከሙዝ ቅጠሉ ሲወጣ ሰው ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» ሲል እኔ አንገቴን ሰበር አድርጌ «የእናቴ እጅ ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ዳቦ ደፍታ አታውቅም፤ የገጠር ሴት ነበረች፣ የምታውቀው ማሽላ ነው። ምስጢሩ የፓኬት እርሾ ነበር። ከይድነቃቸው ሱቅ አምስት አምስት እየገዛሁ አስቀምጥና፣ ሊጡ ላይ ነስንሼ ስጨርስ ወረቀቱን እሳት ውስጥ እከተዋለሁ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ከወልድያ የሚመጣው ቆመ፣ ከአላማጣ የሚመጣውም ቆመ። መጀመሪያ ዘይት ጠፋ፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ቀጥሎ የስንዴ ዱቄት እንደ መድኃኒት በልመና የሚገኝ ሆነ። ያንን ሁሉ ቻልኩት። አንድ ቀን ግን ይድነቃቸው ሱቅ ሄጄ እርሾ ብለው፣ «እትዬ ሀስና፣ እርሾ ቀርቶ የእርሾ ወሬም የለም» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«የእንጀራ እርሾ የለሽም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለኝ እንጂ፣ ማን የሌለው አለ! በጤፍ እርሾ ስንዴ አቡክቼ ደፋሁ፤ ዳቦው ኮመጠጠና እንደ ጡብ ቁጭ አለ። በእርጎ ሞከርኩ፤ ያው። ዱቄትና ውሃ በጥብጬ ለብቻው አስቀመጥኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሸተተኝና ተናድጄ ለዶሮዎቹ ደፋሁት። ባለቤቴ በድረዲን ከዳቦዬ ቆርሶ አፉ ውስጥ ሲያገላብጠው ቆየና «አብሽሪ፣ ጥርስ ያጠነክራል» አለኝ። ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

እፀገነት የመጣችው ከዋጃ ነው። ከባሏ ከአራጌ ጋር ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ከተከራየች ሁለት ዓመት ሆኗታል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ዳቦ ትድፋ አትድፋ ልብ ብዬ አላውቅም፤ ምን ሊገደኝ! እርሾ ከጠፋ በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ጠዋት ከደጇ የዳቦ ሽታ መጣ። ወጥቼ ባይ ድፎ ታቅፋ ቆማለች፤ ቁመቱ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። «እትዬ ሀስና፣ ትኩሱን ቅመሽልኝ» ብላ ቆርሳ ሰጠችኝ። በአፌ «ማሻአላህ» አልኩ። በሆዴ ያልኩትን አልነግራችሁም።

ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ቀመስኩት። መጥፎ በሆነ ብዬ ተመኝቼ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ቀለል ያለ፣ ውስጡ ዓይን ዓይን ያወጣ፣ ጨው እንኳ ልኩን ያገኘ ዳቦ ነው። አንጀቴ እያረረ ፍርፋሪውን ሳላስቀር በልቼ ጨረስኩት።

ከዚያ ወዲያ የሠፈሩ ወሬ ሁሉ የእፀገነት ዳቦ ሆነ። ቦኖ ላይ ተሰልፌ ከኋላዬ «የዋጃዋ ልጅ እርሾ ግን ምን ቢሆን ነው?» ሲባባሉ እሰማለሁ። ስሟን እንኳ በቅጡ አያውቁትም፣ ዳቦዋን ግን አውቀውታል! አንዷ ደግሞ ዞር ብላ «ሀስና፣ አንቺ ዘንድሮ መድፋት ተውሽ እንዴ?» ትለኛለች፣ ጥርሷን እያሳየች። «ዱቄት ከየት አባቴ አምጥቼ» እላለሁ። ዱቄት ግን ነበረኝ።

ቤቴም ሰላም አልሰጠኝም። እፀገነት ዳቦ በደፋች ቁጥር ለእኛ አንድ ቁራሽ በሳህን ትልካለች፤ እኔ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ፣ በድረዲን ይበላል። አንድ ጠዋት ቁርሱን እየበላ፣ ክፋት ሳያስብ፣ «የእፀገነት ዳቦ እኮ ሆድ አይከብድም» አለ።

«እንግዲያው ዳቦዋን አግባ» አልኩት።

«ምን አልኩ አሁን እኔ?» ብሎ ግራ ገብቶት ሳህኑን ያያል። ወንድ ልጅ ሰው ሲያቃጥል እንኳ አይታወቀውም።

መሰለል ጀመርኩ። ምን ይደረግ፣ ቅናት ሥራ ያስፈታል። እሳት ስታነድ ወጣ እላለሁ፣ ልብስ የማሰጣ መስዬ በመስኮቷ አያለሁ። አንድ ቀን አራጌ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦ ሲገምጥ ጠጋ ብዬ ሰላም አልኩትና ዳቦውን አየሁት። ከእኛው ይበልጥ የተነፋ ነው። ውስጡ ላይ ደግሞ ጥቋቁር ነገር ጣል ጣል ብሎበታል። ለእኛ በሚመጣው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ጥቁር አዝሙድ ነው ብዬ ገመትኩ። «አየሽ! ተራውን ለጎረቤት ትልካለች፣ ምርጡን ለቤቷ ታስቀራለች» አልኩ ለራሴ። ደስ አለኝ። አራት ወር ሙሉ አንድ ጥፋት ሳጣባት ኖሬ በመጨረሻ አገኘሁላት። የዚያኑ ለት የእኔም ሊጥ ላይ ጥቁር አዝሙድ ነሰነስኩበት፤ ጥቁር አዝሙድ ያለበት ጡብ ሆነ።

በዚህ መሀል የልጄ የኢቅራ ኒካህ ደረሰ። የሚወስዷት የሮቢት ሰዎች ናቸው። የልጁ እናት ራህመት በሽማግሌዎቹ በኩል «ጊዜው አይፈቅድም፣ ድግስ አይብዛ፤ ዳቦውን ግን ከባለ ዳቦዋ እጅ እንበላለን» ብላ ልካለች። ሌላ ምንም አልጠየቁም። አንድ ድፎ ብቻ፤ ሸህ ኑሀ ዱዓ አድርገውበት፣ ቆርሰው ሙሽሮቹን የሚያቀምሱበት። ለዚያ ቀን ብዬ ጎብዬ ገበያ ስንቱን ለምኜ ያገኘሁት ስድስት ኪሎ የስንዴ ዱቄት አልጋ ሥር ተቀምጧል። ያ ዱቄት ኩፍ ካላለ የሃያ ዓመት ስሜ በልጄ ቀን፣ በአማቶቿ ፊት ቂጣ ሆኖ ሊቀር ነው።

«እማ፣ እፀገነትን እርሾ ጠይቂያታ» አለችኝ ኢቅራ።

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? እርሾ እኮ ነው፣ ኩላሊት አይደለም።»

«አንቺ ዝም በይ፣ ሙሽራ አይደለሽም እንዴ!» አልኳት። እኔ ሀስና፣ በእሷ ደጅ ጣሳ ይዤ ልቆም! ምን ጨምረሽበት ነው ብዬ ልጠይቅ! ቦኖ ላይ ያሉት ሁሉ «ሀስና ከዋጃዋ ልጅ እርሾ ለመነች» ሊሉ! ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ኒካሁ ሐሙስ ነው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ። ረቡዕ ደግሞ ሚካኤል ነበር። እፀገነት ነጠላዋን አጣፍታ በደጄ ስታልፍ «እትዬ ሀስና፣ ቅዳሴ ደርሼ እስክመጣ ቤቱን እይልኝ፤ አልቆለፍኩትም» አለችኝ። አራጌ ሥራ ውሏል። ግቢው ጭር ብሏል። አየሁላት። አሳምሬ አየሁላት።

ማዕዘኑ ላይ ሁለት ማሰሮ ተቀምጧል። የትንሹ አፍ በነጭ ጨርቅ ታስሯል፤ ጸጥ ብሏል። ትልቁ በሰፌድ ብቻ ነው የተከደነው። ሰፌዱን ባነሳው አረፋው አንገቱ ድረስ ደርሶ ቡፍ ቡፍ ይላል፣ ያ ጥቋቁር ነገርም ላዩ ላይ ይዋኛል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። አፍንጫዬ የሆነ ነገር ሊነግረኝ ሞክሮ ነበር፤ ማን ሰምቶት! «ትንሹ የጎረቤት ነው፣ ትልቁ የቤት» አልኩ። እሱን እንኳ አልተሳሳትኩም። ጭልፋውን ትልቁ ውስጥ ስነክር ምላሴ ለምዶበት «ቢስሚላህ» አልኩ። እየሰረቁ ቢስሚላህ! «አስተግፊሩላህ» አልኩና ሁለት ጭልፋ ቀዳሁ። የማሰሮውን ጠርዝ በጣቴ ጠርጌ፣ ሰፌዱን እንደነበረ መልሼ ወጣሁ።

እፀገነት ስትመለስ «ቤቱ ደህና?» አለችኝ። «ደህና» አልኩ። «ሚካኤል ውለታሽን ይክፈልሽ» አለችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝና ጀሪካን የማነሳ መሰልኩ።

እዚህ ላይ ግን ለእጄ ልመስክርለት፤ ሌባም ብሆን እጄ እጅ ነው። አብሽ ዘፍዝፌ ውሃውን ለብ አደረግኩና በሱ አቦካሁ። ክንዴ እስኪዝል አሸሁት፣ አሳረፍኩት፣ ደግሞ ተመልሼ አሸሁት። ሲነጋ ቡሃቃው ሞልቶ ክዳኑን አንስቶታል። እሳቱን ያነደድኩት ጎህ ሲቀድ ነው፤ እፀገነት ተነስታ ሽታው ሳይደርሳት ጨርሼ ላስቀምጠው ብዬ። ከታችም እሳት፣ ከላይም እሳት። ፀሐይ ስትወጣ ዳቦው ወጣ።

«ኢቅራ! ነይማ እይ!»

ልጄ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እኔም ቀረሁ። ስንዝር አልፏል፤ ላዩ የማር መልክ አለው፤ በጣቴ ብመታው ድም ድም ይላል። በፓኬት እርሾ እንኳ እንዲህ ያለ ዳቦ ደፍቼ አላውቅም። በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ጓዳ አስቀመጥኩትና በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የራህመትን አፍ አሰብኩ። ከሁሉም በላይ ግን ያሰብኩት የእፀገነትን ፊት ነው። ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ይሄን ዳቦ ስታይ የሚሆነውን ፊት። ምራቄን ዋጥኩ፤ ከስኳር ይጣፍጥ ነበር።

ሁለት ሰዓት ላይ እፀገነት መጣች፣ ትንሿን ማሰሮ ታቅፋ።

«እትዬ ሀስና፣ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም አልሽኝ» አለች። «ድግሱ አስጨንቋት ረስታው ነው ብዬ ራሴ አመጣሁት። ለኢቅራ ዳቦ ነው። በዚህ ሙቀት ቀን ሳይጋመስ ኩፍ ይልልሻል።»

ሳቄን አፈንኩ። አሁን እርሾ አመጣችልኝ! «ትንሹን?» አልኩ፣ አፌ አምልጦኝ።

«የእናንተማ ይሄ ነው። ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው። ትልቁን ለእስላም ቤት አልሰጥም፤ የእህቴ የጠላ ጥንስስ አለበት። ታች ሠፈር ትጠምቅ የለ? ከሷ ነው የማመጣው። ጌሾው እኮ ነው እንዲያ የሚያፈላው። እናቴም ዋጃ እያለን ሁለት ማሰሮ ነበራት፣ አንዱ የቤት፣ አንዱ የጎረቤት። ጭልፋ እንኳ አንጋራም ነበር።»

ጌሾ። ያ ጥቋቁር ነገር ጌሾ ነው። የጠላ ጥንስስ አቡክቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ ለልጄ ኒካህ ዳቦ ደፍቻለሁ። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምነው? አመመሽ?» ብላ ማሰሮውን አስቀምጣ ትከሻዬን ያዘችኝ።

አልዋሻችሁም፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ዝም ማለት ነው። እሳት ገብቶበታል አልኩ፤ ከላይም ከታችም ነዶበታል፣ ምን ይቀረዋል? ማንስ ያውቃል? ሸህ ኑሀ ጥቁር አዝሙድ ነው ብለው ይበላሉ። ስሜ ይተርፋል፣ ራህመት አፏን ትዘጋለች። ወዲያው ደግሞ ሸሁ በዚያ ዳቦ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ለልጄ ዱዓ ሲያደርጉ፣ እኔ እያወቅኩ «አሚን» ስል ታየኝ። ሌላም ነገር ታየኝ፤ እሱንም ልናገር። ሴቶቹ «እጅሽ ይባረክ» እያሉኝ እፀገነት መሀላቸው ተቀምጣ የራሷን እርሾ ስታውቀው ታየኝ። ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠብኝ አላህ ይወቅ።

«ሰርቄሻለሁ» አልኳት።

«ምን?»

«ትናንት፣ ቅዳሴ ስትሄጂ። ከትልቁ ሁለት ጭልፋ።» ወደ ጓዳው ጠቆምኩ።

ገባች። ጨርቁን ስትገልጥ ሰማኋት። ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ስትወጣ ግን ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«ለእርሾ?» አለች። «እርሾ ተሰርቆ ያውቃል? እሳትና እርሾ ጎረቤት ለጎረቤት ይከለክላል? ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴን ክፍት ትቼልሽ የምሄደው ሴት... ይሄን ትንሹን ማሰሮ ለማን ብዬ ነው በየቀኑ ዱቄት የማቀምሰው? እኔ ቤት ማን እስላም አለ? ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ቅናት ነው» አልኩ። «ቀንቼብሽ ነው፣ እፀገነት። እርር ብዬ ነው የከረምኩት።»

አፌ አንዴ ከተከፈተ አልዘጋ አለኝ። ቦኖውን ነገርኳት፣ በድረዲንን ነገርኳት፣ ጥቁር አዝሙዱንም ነገርኳት። የፓኬቱን እርሾ ሳይቀር ነገርኳት። አቀርቅራ ሰማችኝ። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልታለቅስ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል አሉ» አለችና ሳቋ አመለጣት። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

«ተነሽ እንግዲህ» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። «ስንዴ ቀርቶሻል?»

«አንድ ጭብጥ የለኝም። ሁሉም እዚያ ገብቷል።»

«እኔም ጨርሻለሁ። ማሽላስ?»

«ማሽላ አለ።»

ኢቅራ ነገሩን ስትሰማ «እማ!» ብላ ጭንቅላቷን ይዛ ቆየች፤ ቀጥላ «በቃ፣ ማሽላ ይበላል» አለችና ሒናዋን እንዳታበላሽ ክንዷን ዘርግታ ወደ ሴቶቹ ክፍል ተመለሰች። ቡሃቃውን ሦስቴ አጥቤ አስቀመጥኩት፤ ለማሽላው ሌላ ዕቃ ወሰድን። እፀገነት ትንሹን ማሰሮ ገልብጣ ማቡካት ጀመረች። ማሽላ አስቸጋሪ ነው፣ አይያያዝም፣ ውሃ ሲበዛበት ይፈሳል፣ ሲያንሰው ይሰነጠቃል። እሷ ግን በመዳፏ እየለካች፣ እየዳበሰች አግባባችው። እኔ የማሽላ ገበሬ ልጅ ነኝ፣ እንደሷ አልችልበትም። እዚያው ወንጀሌ ላይ ቆሜ ቀናሁባት። ምን ልሁን፣ እንዲህ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት።

የማሽላው ዳቦ አራት ጣት እንኳ አልሞላም። ቀላ ያለ ነው፣ ላዩ ተሰነጣጥቋል። ከዐስር በኋላ እንግዶቹ ፊት እኔው ተሸክሜ አቀረብኩት። ከጓዳ እስከ ዳሱ ሃያ እርምጃ አይሆንም፤ የእግሬ ነገር ግን ሮቢት ደርሼ የተመለስኩ ነው የመሰለኝ። ሸህ ኑሀ ዱዓ አደረጉ፣ ቆረሱ፣ ለሙሽሮቹ አቀመሱ፣ «ባረከላሁ» ብቻ አሉ። ራህመት የደረሳትን ቁራሽ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ባለ ዳቦዋ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«ነኝ» አልኩ።

«አይ፣ እንግዲህ ጊዜው ነው» አለች፣ አዝናልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሴቶቹ ተያዩ። ከቦኖ ሴቶቹ አንዷ «የእፀገነትን ባስደፋችሁ ኖሮ» ብላ ሹክ ስትል ሰማሁ። እፀገነት እዚያው ተቀምጣ የማሽላውን ዳቦ እየበላች ነበር፤ ቀና ብላ «የእኔም ሰሞኑን እንዲሁ እየሆነ ነው፣ ዱቄቱ ነው» አለች። ጓዳዬ ውስጥ ያ ስንዝር ያለፈ ዳቦ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ገብቼ ባወጣው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላሳያቸው! ከንፈሬን ነክሼ ውሃ አዞርኩ። ኢቅራ የእሷን ቁራሽ ጨርሳ የባሏንም ወሰደችበት።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ልጄን ይዘው ሄዱ። ግቢው ባዶ ሲሆን እፀገነትን ወደ ጓዳ ጠራኋትና «ውሰጂው፣ ያንቺ ነው» አልኳት። እሷ ግን ወደ ቤቷ አልወሰደችውም። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ዳቦውን ጉልበቷ ላይ አደረገችና በእጇ ቆረሰችው። አኘከች። ደግማ ቆረሰች። የሆነ ነገር በፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁ፤ ያንን ነገር አውቀዋለሁ፣ አራት ወር መስታወቴ ውስጥ ሳየው የከረምኩት ነው።

«እትዬ ሀስና» አለችኝ፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ፣ «ምን ጨምረሽበት ነው? እርሾው የእኔ ነው፤ ለእኔ ግን እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም።»

ጠየቀችኝ። እንዲሁ በዋዛ፣ ውሃ አጠጪኝ እንደማለት። እኔ ይቺን ጥያቄ ላለመጠየቅ ሌባ ሆኛለሁ።

«የአብሽ ውሃ» አልኳት። «ደግሞ ሁለቴ ነው የማሸው። አሽቼ አሳርፈዋለሁ፣ ከዚያ እመለስበታለሁ።» ይሄንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«ታዲያ የእጅሽ ነዋ» አለች፣ ሌላ እየቆረሰች።

የእጄ ነው። የፓኬቱም አልነበረም፣ የእሷም አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ከደፋሁት ሁሉ የበለጠው ዳቦ እዚያ ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ፍርፋሪውን እንኳ መቅመስ አልችልም፣ ልጄ አልቀመሰችውም፣ ባሌም አይቀምሰውም። እፀገነት ቀሚሷ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በጣቷ ለቅማ አፏ ስትከት አየኋትና፣ በገዛ ዳቦዬ ቀናሁባት። ወላሂ፣ እንደዚያች ሰዓት ቀንቼ አላውቅም።

«እሺ፣ ምን ምን ይላል?» አልኳት። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

«ቁጭ በይ» አለችኝና ዓይኗን ጨፍና ማኘክ ጀመረች።